የሸጌ ጆሮና የመሪጌታ ጉበት

የዚያ ዓመት ክረምት ገና በሐምሌ መባቻ ነበር የከፋው። ይምርሐነ ክርስቶስ ያለበት ተራራ ከነጽዱ ጉም ውስጥ ገብቶ ሳምንት ሙሉ ሳይታይ ይሰነብታል። በር ሲከፈት ጉሙ እንደ እንግዳ ዘው ብሎ ይገባል፤ እንጨቱ አይነድ፣ ልብሱ አይደርቅ፣ ሰዉ ሁሉ የረጠበ በግ ይሸታል። ሸጌ ያን ጊዜ ሰባት ወይ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዚያ ክረምት ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ከበሮውን ግን አትረሳም።

የአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያፈስ ስለነበር ከበሮው የሚከርመው እነሱ ቤት ነው። አባቷ ገብረመስቀል ገበሬ ነው፤ ነገር ግን ክረምት ክረምት የከበሮ ጠባቂ ነበር። ቆዳው በርጥበት ይላላል፤ የላላ ከበሮ ደግሞ ቢመቱት ማቅ እንደመምታት ነው፤ አይናገርም። እሳት አጠገብ ቢያደርጉት ይሰነጠቃል፤ ቢያርቁት አይደርቅም። እንደ ሕፃን እያገላበጡ፣ በልክ እያሞቁ ማክረም ነው። ገብረመስቀል ደግሞ በልጅነቱ ኩፍኝ አንድ ጆሮውን ወስዶበታል፤ የቀረውም ቢሆን እምብዛም አልነበረም።

«ሸጌ፣ ነይ እስቲ ንገሪኝ» ይላታል።

እሷ በሁለት ጣቷ ቆዳውን መታ መታ ታደርግና ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች።

«አልደረቀም አባዬ። ሆዱ ውስጥ ውሃ ያለበት ይመስላል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ተነሥቷል።»

«ተነሥቷል» የራሷ ቃል ነበረች። የደረቀ ከበሮ ሲመታ ድምፁ ቶሎ ይነሣና ቀስ ብሎ ይወርዳል። የላላው ግን ይጎተታል፤ ለመነሣት እንደ ሽማግሌ ወገቡን ይዞ ነው። የፍልሰታ ዋዜማ ሲደርስ አባቷ ከበሮውን ገሳ አልብሶ በዝናብ ተሸክሞት ይሄድ ነበር። በማግሥቱ ከበሮው ከላይ ሲሰማ መንደርተኛው መቺውን ያመሰግናል። ሸጌ ግን ዝም ብላ አባቷን ታያለች፤ አባቷም እሷን።

ይህ ሁሉ ኋላ ለምን እንደሚጠቅማት ማን ያውቅ ነበር?

ሸጌ አደገች፤ ላሊበላ ተማረች፤ ወልድያ ወርዳ አዋላጅነት ሠለጠነች፤ ተመልሳም እዚያው ላሊበላ ሆስፒታል ገባች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአልትራሳውንድ ማሽን መጣና ጥቂት ሳምንት ሥልጠና ሰጥተው «በይ ነፍሰ ጡሮቹን እዪበት» አሏት። ከቢልባላ፣ ከገነተ ማርያም፣ ከየቁልቁለቱ በእግራቸው የሚመጡትን እናቶች አስተኝታ፣ ሆዳቸውን ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ፣ በመፈለጊያው እየዳሰሰች የልጁን ነገር ትነግራቸዋለች። ማሽኑ ምስል ማሳየት ብቻ አይደለም፤ ዶፕለር የሚሉትን ሲከፍቱለት የሚሮጠውን ደም ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ሌሎቹ ባለሙያዎች ዓይናቸውን ማያው ላይ ይተክላሉ። ሸጌ ድምፁን ከፍ ታደርግና ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች።

አንዲት የቢልባላ ሴት አንድ ቀን፣ «እህቴ፣ እኔን አስተኝተሽ አንቺ ነሽ እንዴ የምትተኚው?» ብላታለች።

«እየሰማሁት ነው፣ እናቴ።»

«ምን ይላል?»

«ጥገቢ ይላል።»

መሪጌታ በእውቀቱን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። ማዕረጋቸው ከመሪነት ቢደርስም የልጅነት ከበሯቸውን አልተዉም ነበር፤ የገና ዕለት እሳቸው ሲመቱ ምእመኑ አንገቱን አስግጎ ነው የሚያያቸው። እኚህ ሰው የወፍ በሽታ ያዛቸው። ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ሆዳቸው ተነፋ። ጠበሉም ተጠጣ፣ ሐኪሙም ታየ። ኋላ አዲስ አበባ ሲደርሱ ቫይረስ ጉበታቸውን ለዓመታት ሲበላው ኖሮ እንደጨረሰው ተነገራቸው፤ ሌላ ጉበት ካልተተካላቸው ተስፋ የለም ተባለ።

ያን ጊዜ ታናሽ እህታቸው ባንቺዓለም ተነሣች። ባንቺዓለም ገበሬ ናት፤ ክንዷ እንደ ወንድ ነው፣ አፏ ደግሞ ከክንዷ ይብሳል። «ጉበት ከፍለው ቢሰጡት መልሶ ያድጋል አሉኝ፤ እንደ ጎመን ማለት ነው። ታዲያ ምን ያስለቅሳችኋል?» አለች። አገር ተረባርቦ ሁለቱም ሕንድ ሄዱ። ከእሷ የተከፈለው በእሳቸው ሆድ ተተከለ። በሚያዝያ ተመለሱ፤ የመሪጌታ ዓይን እንደ ወተት ነጥቶ።

ከሕንድ ሲመጡ አንድ ወረቀት ይዘው ነበር። በየወሩ አልትራሳውንድ ይታይ ይላል፤ ጉበቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ጉበቱ የሚገባው ደም ሥር። ለካ የተተከለ ጉበት ራሱ ደኅና ሆኖ ሳለ የተሰፋው ደም ሥሩ ሊጠብብ ወይም ደም ሊረጋበት ይችላል፤ ሰውየው ሳያመው፣ ዓይኑም ቢጫ ሳይሆን፣ ውስጥ ውስጡን። እንዲያ ሲሆን ቀድሞ የሚያየው ይኸው ማሽን ነው።

ወር በወር አዲስ አበባ መመላለስ ለማይችል ሰው ሸጌ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ የምታውቀው ሕፃን ነው።

«መሪጌታ፣ እኔ እኮ አዋላጅ ነኝ» አለች ደንግጣ።

ባንቺዓለም ቀበል አድርጋ፣ «ታዲያ እኔስ እናቱ አይደለሁም? ከእኔ ሆድ ወጥቶ እሳቸው ሆድ የገባ ነው» አለች። ከዚያ ሳቋን ተወችና የሸጌን እጅ ያዘች። «ስሚ ሸጌ። ጉበቴን አደራ ብዬሻለሁ። እኔ ውስጡን አላይም፤ አንቺ ታያለሽ።»

አደራ በላስታ ቀላል ነገር አይደለም። ሸጌ አዲስ አበባ ያሉትን የጉበት ሐኪም፣ ዶክተር ሔለንን፣ በስልክ አገኘች። ዶክተሯ ትዕግሥተኛ ነበሩ፤ ከጎድን አጥንት መሐል እንዴት እንደሚፈለግ፣ የትኛው ሥር የትኛው እንደሆነ፣ ማሽኑ ለምቱ የሚሰጠው ቁጥር ስንት ሲሆን ደግ፣ ስንት ሲሆን ክፉ እንደሆነ አንድ በአንድ አስተማሯት። ከዜሮ ነጥብ አምሳ፣ ከግማሽ ማለት ነው፣ ሲወርድ ክፉ ነው አሏት። ሸጌ ቁጥሩን ጻፈች፤ ልቧ ያመነው ግን ጆሮዋን ነው። ትልቁ ሥር ሳይቋረጥ እንደ ነፋስ ይነፍሳል። ከጎኑ ያለው ቀጭኑ፣ ከልብ የሚመጣው፣ ይመታል፤ ቶሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታገኘው መሪጌታ ከተኙበት ቀና አሉ።

«ይሄ የኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«የኔ ነው» አለች ባንቺዓለም ከጥግ።

መሪጌታ በጣታቸው አልጋውን መታ መታ እያደረጉ ተከተሉት። «አይ፣ ይሄስ ደኅና መቺ ነው» አሉ።

ቁጥሩ ነጥብ ስድሳ ስምንት ነበር። በቀጣዮቹ ወራትም እንዲያው። ሸጌ ሁልጊዜ አንድ ነገር ታሳስባቸዋለች፤ «ሲመጡ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ፤ ሆድ ሲሞላ አይታየኝም።» መድኃኒትዎን ጠዋትና ማታ ሰዓቱን ሳያዛንፉ ይውሰዱ ትላለች። ውሃ ይጠጡ ትላለች። ሁሉን ብላለች። ያላለችው አንድ ነው፤ ፍልሰታን እንዴት ሊያደርጉ ነው ብላ አልጠየቀችም። ካህን ጾምህን ትጾማለህ ወይ ተብሎ እንዴት ይጠየቃል? እንዲህ ያለ ጥያቄ በላሊበላ ነውር ነው። አፏ ድረስ መጥቶ ተመልሷል።

ፍልሰታ ገባ። በጾሙ በዘጠነኛው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ መሪጌታ ነጭ ለብሰው መጡ። ባንቺዓለም ተከትላቸዋለች። ዝናብ ነበር። ሸጌ ከንፈራቸው መሰንጠቁን አየች፤ ጉንጫቸውም ገባ ብሏል። «ደክሞዎታል?» አለቻቸው። «ሱባዔ ነው ልጄ፤ ሌሊቱን ቆመን ነው የምናድረው» አሉ።

አስተኛቻቸው። ቀባች። መፈለጊያውን ከጎድናቸው መሐል አሳረፈች። ነፋሱ አለ። ቀጭኑን ፈለገች። ቆየ። ሲመጣ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጨፍና ቀረች።

ይጎተታል። ለመነሣት ወገቡን ይዟል።

ይምርሐነ ሥር ያለው ቤታቸው፣ ጉሙ፣ የአባቷ ፊት፣ ሁሉ መጣባት። አልደረቀም አባዬ።

ቁጥሩን አየች፤ ነጥብ አርባ አንድ። እጄ ይሆናል ብላ ቦታ ለወጠች፤ ነጥብ አርባ። ማሽኑን አጥፍታ አበራች፤ ያው ነው። ተረኛውን ሐኪም ዶክተር ኪዳንን ጠራች። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሸጌ፣ ይሄ እኮ የነፍሰ ጡር ማሽን ነው። ዘሟል ማለት ነው። ጾሙ ይውጣና ደግመን እናየዋለን» አሉ።

እውነትም ሊሆን ይችላል። እሳቸው ሐኪም ናቸው፤ እሷ አዋላጅ። ዓይኗ ጥግ ላይ ከተቀመጠችው ባንቺዓለም ላይ ሲያርፍ ግን አንድ ነገር ታያት።

«እትዬ ባንቺዓለም፣ ይተኙልኝ።»

«እኔ? እኔ ምን ሆንኩ?»

«ያው አንድ ጉበት አይደል? ግማሹ እርስዎ ጋ ነው። የእርስዎን ልስማው።»

ባንቺዓለም መቀነቷን እየፈታች ሄዳ ተኛች። ቅባቱ ሲነካት «ውይ! በረዶ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች። ሸጌ ፈለገች፤ አገኘች። ድምፁ ክፍሉን ሞላው፤ ቶሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ደረቅ ከበሮ። ነጥብ ሰባ።

«የኔማ ይዘፍናል!» አለች ባንቺዓለም። ከዚያ የማንንም ፊት ሳታይ የገባት ይመስላል፤ ድምፅዋ ወረደ። «የሳቸውስ?»

ማሽኑ አልዘመመም። ዶክተር ኪዳን አንዴ ባንቺዓለምን፣ አንዴ መሪጌታን አዩና «ደውዪ» አሉ።

ከመደወሏ በፊት ግን ሸጌ ወንበር ስባ መሪጌታ አጠገብ ተቀመጠች። ፊቷ ፍም መሰለ።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅዎት። የጠዋቱን መድኃኒት ስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?»

«ከቅዳሴ ስወጣ።»

«ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«ታዲያስ። በውሃ ነው የሚዋጠው፤ ሳልቆርብ እንዴት ውሃ ይነካኛል?»

«ቀኑን ሙሉ ውሃ አልቀመሱም? ዘጠኙንም ቀን?»

መሪጌታ እንደ መከፋት አሉ። «አንቺው አይደለሽም እንዴ ሳትቀምሱ ኑ የምትዪኝ? ባዶ ሆድ ስሆን ነው ጥርት ብሎ የሚታይሽ። እኔም ጉበት ሲጾም ይጠራል ማለት ነው ብዬ ያዝኩት።»

ባንቺዓለም ወንድሟን በሰው ፊት አንቱ ነበር የምትላቸው፤ ከቅስናቸው ጀምሮ። ያን ጊዜ አንቱታው ከአፏ ወደቀ።

«አንተ ሰውዬ! የኔን ጉበት ነው ያስጾምከው? ምን አጠፋ ብለህ? እሱ የገበሬ ጉበት ነው፤ ውሃ ለምዷል! ያንተ ቢሆን ኖሮ ሱባዔ ብታስገባው ማን ይናገርህ ነበር?»

ሸጌ መሳቅም ማልቀስም አማራት።

ስልኩ ተደወለ። ዶክተር ሔለን «ምስሉን ላኪልኝ» አሉ። ኢንተርኔት ያን ሰሞን በአገሩ ሁሉ ተቋርጧል፤ የሚሠራው ድምፅ ብቻ ነው።

«ምስል አይሄድም ዶክተር። ቁጥሩ ነጥብ አርባ ነው። ስድሳ ስምንት ነበር። የእህታቸውን በዚሁ ማሽን አየሁ፤ ሰባ ነው።»

«የእህቱን አየሽ?» አሉ ዶክተሯ፤ «ድምፁንስ ታሰሚኛለሽ?»

ሸጌ በአንድ እጇ መፈለጊያውን እንደያዘች በሌላው ስልኩን ከማሽኑ ድምፅ ማውጫ ላይ ለጠፈችው። ያ የሚጎተት ምት ከላሊበላ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። መሪጌታም ራሳቸው ይሰሙ ነበር፤ ጣታቸው ምቱን ለመከተል ከአልጋው ተነሣና አየር ላይ ቀረ።

«ሰምቻለሁ» አሉ ዶክተር ሔለን። «ሸጌ፣ ሥሩ ጠብቧል። በውሃ ጥም ደሙ ወፍሮ ይረጋበታል። ጨርሶ ከተዘጋ ጉበቱን አናገኘውም። ዛሬውኑ ላኩልኝ፤ ነገ አይባልም። እስከዚያ ውሃ ስጡት፤ መድኃኒቱንም አሁኑኑ።»

በመኪና የሚያወጣው የጋሸናው መንገድ ያን ሰሞን ተዘግቷል። የቀረው የከሰዓቱ አውሮፕላን ነው። ሸጌ ውሃ ቀድታ ክኒኑን አቀረበች። መሪጌታ ራሳቸውን አዞሩ።

«ገና አራት ሰዓት ነው። ቅዳሴ አልገባም።»

«መሪጌታ...»

«ሠላሳ ዓመት ጾም አልፈታሁም ልጄ። ዛሬ ልሞት ነው ብዬ አልፈታም። ግሉኮሱን ስቀሉ፤ ውሃውን ተዪኝ።»

«በክንድ የገባ አይፈታም ያለው ማነው?» አለች ባንቺዓለም፤ ግን ማንም አልሳቀላት።

ሸጌ ከዚህ በላይ መናገር እንደማትችል ገባት። ይሄ በእሷ ቃል የሚከፈት በር አይደለም። ከደጅ የቆመ ባጃጅ ልካ የንስሐ አባታቸውን፣ አባ ተክለ ሚካኤልን፣ አስጠራች። አባ በዝናቡ ጥላቸውን ይዘው ደረሱ። ሸጌ ነገሩን ስትነግራቸው ሸምግለው የደከሙ ዓይኖቻቸውን ቁጥሩን ከጻፈችበት ወረቀት ወደ ሰውየው አደረጉ። አልጋው ጫፍ ቁጭ አሉ።

«በእውቀቱ፣ ያቺን ጉበት ማን ሰጠህ?»

«ባንቺዓለም።»

«እሷን ማን አሰጣት?»

መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ አባ መስቀል አነሡ።

«የሰው አደራ ይዘህ ነው የምትጾመው? በል ጠጣ። የታመመ ሰው እንዳይጾም ሥርዓቱም ያዛል፤ አንተ ደግሞ መሪ ነህ፣ ይህንን እኔ አልነግርህም። ካልጠጣህ እኔ የንስሐ አባትህ አይደለሁም፤ ሌላ ፈልግ።» ብርጭቆውን ከሸጌ እጅ ወስደው በመስቀላቸው ባረኩና በገዛ እጃቸው አቀረቡላቸው።

መሪጌታ ጠጡ። እንባቸው ከውሃው ጋር ብርጭቆው ውስጥ ወረደ። ሁለተኛም ጠጡ። አምቡላንሱ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አየር ማረፊያው ደረሰ።

አዲስ አበባ ሲታዩ ሥሩ እንደ ክር ቀጥኖ ተገኘ፤ ደም መርጋት ጀማምሮት ነበር። የደም ማቅጠኛ ሰጥተው አረጋጓቸውና መልሰው ሕንድ ላኳቸው። እዚያ በብሽሽታቸው ቀጭን ሽቦ አስገብተው የጠበበውን አሰፉት፤ እንዳይጠብም ትንሽ ቱቦ አኖሩበት። ሸጌ ይህን ሁሉ የሰማችው ከወር በኋላ ነው። በዚያ አንድ ወር እንቅልፍ እንዳልነበራት ባንቺዓለም ታውቃለች፤ እሷም አልነበራትም።

በኅዳር ጽዮን ሰሞን ተመለሱ። ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ሸጌ ዘንድ መጡ። ተኙ። ድምፁ ተነሣ። ነጥብ ስድሳ ሦስት።

«ምን ይላል?» አሉ።

«ተነሥቷል።»

መሪጌታ ምቱን በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ከበሮ ስመታ አርጅቼ የገዛ ሆዴን መስማት አቃተኝ» አሉ። «ግን አንቺስ ለምን ቀደም ብለሽ አልጠየቅሽኝም?»

«አፈርኩ፣ መሪጌታ።»

«እኔም እንዳትጠይቂኝ እፈራ ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሸጌ ማፈር ተወች። ቄስ ይሁን መነኩሴ፣ አልጋዋ ላይ የተኛውን ሁሉ «ጾም እንዴት ነው የያዙት? መድኃኒትዎን ስንት ሰዓት ነው?» እያለች መጠየቅ ያዘች። አንዳንዱ ተቆጣ፤ ከተማው ውስጥም «ሸጌ ካህናት ትመረምራለች» የሚል ወሬ ነበር። አባ ተክለ ሚካኤል ወሬውን ሰምተው «ደግ አደረገች፤ እኔም ልሂድላት» ብለው የደም ግፊታቸውን ሊለኩ ሄዱ።

መሪጌታ ከበሮውን ለሌላ ሰው አስረክበዋል፤ ገና ሲሆን ቆመው ይሰሙታል። ባንቺዓለም በየወሩ አብራ ትመጣለች፤ አሁንም ጉበቴ ነው የምትለው፤ ወንድሟንም መልሳ አንቱ ብላለች።

ሸጌ በዶክተር ሔለን አሳሳቢነት የአልትራሳውንድ ትምህርት ተፈቀደላትና ካለፈው ጥር ወዲህ ላሊበላ የለችም። ከመሄዷ በፊት ይምርሐነ ሄዳ አባቷን ተሰናበተች፤ አሁን ሁለቱም ጆሮው አይሰማም፤ እጇን ይዞ ብቻ ዋለ። ባንቺዓለም በዳግማይ ትንሣኤ ደውላላት አግኝታታለች፤ ሸጌ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ጠዋት ትማራለች፤ ከሰዓት ሆስፒታል ውስጥ አልትራሳውንድ ክፍል ትሠራለች። ለመጨረሻ ጊዜ ወሬዋ የተሰማው እዚያ ነው።